ቦርዱ ርካሽ ነው፤ የቀረውስ? ትንሿን ኮምፒውተር ለሚጀምር ሰው የምርጫ መመሪያ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ክረምት አክስቱ ከቨርጂኒያ በሰው እጅ የላከችለት ራዝቤሪ ፓይ 4 የሚባል ባለ አንድ ቦርድ ትንሽ ኮምፒውተር ካልሲ ውስጥ ተጠቅልሎ ደረሰው። ቦርዱ ከመታወቂያ ካርድ እምብዛም አይበልጥም። ካርቶኑም ቻርጀሩም አብረውት አልመጡም፤ «ኪሎ ይበዛል» ተብለው ቀርተዋል። ልጁ ሁለት ቀን ታገለ። ይበራል፣ የራዝቤሪዋ ሥዕል ትመጣለች፣ ትንሽ ቆይቶ ድርግም ይልና እንደገና ይነሳል። በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ቢጫ መብረቅ ብልጭ እያለ ይጠፋል። ተቃጠለ መሰለኝ።»

«በምን ሰካኸው?»

«በስልኬ ቻርጀር።»

አልተቃጠለም፤ ርቦት ነው። ያ መብረቅ የሚወጣው 5 ቮልት ማግኘት የሚገባው ቦርድ ከ4.63 ቮልት በታች ሲደርሰው ነው። ደህና ቻርጀር ከነአጭር ወፍራም ኬብሉ ይዤለት ሄድኩ፤ ያን ዕለት ማታ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሲጽፍበት አመሸ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «የትኛውን ቦርድ ልግዛ?» ብሎ ነው። ጀማሪ ግን በቦርዱ ምክንያት ሲሸነፍ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። የሚያሸንፈው ቻርጀሩ፣ ሚሞሪ ካርዱ፣ የስክሪኑ ኬብል፣ ሲቸግረው ደግሞ መልሱን ጽፎ ያስቀመጠለት ሰው ማጣቱ ነው። ስለዚህ እዚህ ቦርድን ከቦርድ ብቻ አላወዳድርም፤ በዙሪያው ያለውንም ጨምሬ ነው።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር ላስቀድም። በዶላር የምጽፈው ዕቃው ሲወጣ የተተመነለትን ነው። በብር አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ወር ያስቃል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ደግሞ የራም (ኮምፒውተር ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ዋጋ በዓለም ላይ ስለናረ የራዝቤሪ ፓይ ኩባንያ ራሱ ጨምሯል። የእኔን ቁጥሮች አንዱ ከሌላው ምን ያህል እንደሚራራቅ ለማየት ተጠቀሙባቸው፤ ለመከራከሪያ አይሆኑም።

ለመሆኑ ያስፈልጋችኋል?

ልጅ እንዲጽፍበት፣ ኢንተርኔት እንዲያይበትና የቤት ሥራ እንዲሠራበት ብቻ ከሆነ ያገለገለ ላፕቶፕ ግዙ። እንዲህ ባለ መመሪያ ላይ ይህን መጻፍ የራስን ገበያ መዝጋት ነው፤ ግን እውነቱ ይሄ ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ስክሪኑም፣ ኪቦርዱም፣ ባትሪውም አብረውት ናቸው። ባትሪው ደክሞ ሃያ ደቂቃ ብቻ ቢይዝ እንኳ መብራት ሲጠፋ የጀመሩትን አስቀምጦ ለመዝጋት ይበቃል። ቦርዱን ግን ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ቻርጀርና ካርድ አሟልታችሁለት ስትጨርሱ ሒሳቡ ከላፕቶፑ ጋር ሊተካከል ይችላል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያኔውኑ ይጠፋል።

ስክሪን ቤት ውስጥ ላለው ሰው ሌላም አማራጭ አለ፦ ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮ ለመሥሪያ ቤት የሚሠሯቸው፣ አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት የሚያክሉ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች። ዊንዶውስም ነፃ የሆነው ሊኑክስም ይጫንባቸዋል፤ ዲስካቸው ውስጣቸው ነው፤ ሰዓት የሚያስታውሱበት ባትሪም አላቸው። ሥራ ሳይበዛባቸው 10 ዋት ገደማ ይበላሉ፤ ፓይ 4 ደግሞ 3 ዋት ገደማ። የቤተሰብ ፎቶና ፊልም ማስቀመጫ ሰርቨር ለሚፈልግ ሰው እኔ የምመክረው እነዚህን ነው።

በተቃራኒው በኩልም የሚሳሳት አለ። አንድ ጎረቤቴ የሮቶው ውሃ ግማሽ ሲደርስ ስልኩ ላይ እንዲነገረው ፈልጎ ፓይ 5 ሊያስመጣ ተነሳ። ለዚህ ሥራ ሙሉ ኮምፒውተር ማሰማራት ዶሮ ለማረድ ሰይፍ መሳል ነው። የሚበቃው የሻንጋዩ ኤስፕሬሲፍ የሚሠራው ኢኤስፒ32 ወይም ፒኮ ደብልዩ ነው፤ ዋይፋይ አላቸው፣ ዋጋቸው ጥቂት ዶላር ነው። ኮምፒውተር ግን አይደሉም። ኦፐሬቲንግ ሲስተም የላቸውም፤ አንድ ፕሮግራም ይጫንባቸውና ኮረንቲ ባገኙ ቁጥር ያንኑ ይጀምራሉ። መብራት በቀን ሃያ ጊዜ ቢጠፋ ግድ የላቸውም። የቆየው አርዱይኖ ኡኖ አር3ም የዚሁ ወገን ነው፤ የራሙ መጠን 2 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ዋይፋይ ደግሞ የለውም።

ፒኮን ያነሳሁት ሆን ብዬ ነው። ሙሉ ስሙ ራዝቤሪ ፓይ ፒኮ ስለሆነ «በ4 ዶላር ራዝቤሪ ፓይ አገኘሁ» ብሎ ገዝቶ የስክሪን መሰኪያውን ሲፈልግ የሚውል ሰው አይጠፋም። መሰኪያ የለውም።

ታዲያ ቦርዱ የሚያሸንፈው የት ላይ ነው? ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ ጥቂት ኮረንቲ እየበላ እንዲሠራ ሲፈለግ፤ ሙሉ ኮምፒውተርም ሆኖ መብራት፣ ሞተርና ቴርሞሜትር የሚሰካባቸው 40 እግሮችም እንዲኖሩት ሲፈለግ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው እያበላሸ እንዲማርበት ሲፈለግ። የቤተሰቡን ላፕቶፕ ልጅ አይነካካም፤ ቢነካካም ይቆጡታል። ቦርዱ ላይ ግን ሁሉም ነገር ያለው ካርዱ ላይ ነው። ሲበላሽ ካርዱን አውጥቶ እንደ አዲስ መጻፍ ነው፤ ሻይ እስኪፈላ ያልቃል። የተሠራውም ለዚሁ ነበር። የራዝቤሪ ፓይ መሥራቹ ኤበን አፕተንና ጓደኞቹ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ለመማር የሚያመለክቱ ልጆች ቁጥርም ችሎታም እየወረደ መምጣቱን አይተው ልጅ ሊያበላሸው የሚችል ርካሽ ኮምፒውተር ለመሥራት ተነሱ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. የካቲት 29 ቀን 2012 ለገበያ ወጣ፤ 35 ዶላር ነበር፤ ራሙ 256 ሜጋባይት።

ከራዝቤሪ ቤት የትኛው?

ዜሮ 2 ደብልዩ በ2021 በ15 ዶላር ወጣ። ዋጋው ያማልላል። ራሙ 512 ሜጋባይት ስለሆነ ኢንተርኔት ላይ ሁለተኛውን ገጽ ስትከፍቱ ትንፋሽ ያጥረዋል። ኪቦርድና ማውስ ለመሰካት አንዲት ማይክሮ ዩኤስቢ ብቻ ስላለችው ማቀያየሪያና ማባዣ መግዛት ያስፈልጋል። 40ዎቹ እግሮች ብዙውን ጊዜ ሳይበየዱ ነው የሚመጡት። ዋይፋዩ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው የሚያየው፤ በስልካችሁ ሆትስፖት ልትጠቀሙ ከሆነ ስልኩን ወደዚያ መቀየር አትርሱ። ይህን ሁሉ የምለው ጠልቼው አይደለም። ቤት ውስጥ ብዙውን የኢንተርኔት ማስታወቂያ የሚያግደው ፓይ ሆል የሚባለው ፕሮግራም በእኔ ቤት የሚሠራው እሱው ላይ ነው፤ ከቁም ሳጥን ጀርባ ተቀምጦ መኖሩም ይረሳል። ለሁለተኛ ቦርድ ግሩም ነው። ለመጀመሪያ ግን ተዉት።

ፓይ 4 እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ነው፤ አርጅቷል የሚሉት አሉ። እኔ ለጀማሪ አሁንም እሱን ነው የምለው። አራት ዩኤስቢ፣ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ፣ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ፣ ሁለት የስክሪን መሰኪያ አለው። የሚጠይቀው ቻርጀር 5 ቮልት 3 አምፔር ነው፤ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ራሙ 2 ጊጋ የሆነው ፓይተንንና ስክራች የሚባለውን የልጆች ፕሮግራም መጻፊያ ለመማር ይበቃል፤ ኢንተርኔትም ለሚከፍትበት ባለ 4 ጊጋው ይመቻል። ባለ 8 ጊጋውን ጀማሪ ምን እንደሚያደርገው አይገባኝም። ብዙ ዓመት ስለቆየ ደግሞ ሊያጋጥማችሁ የሚችለው ችግር ሁሉ ከእናንተ በፊት አንድ ሰው ላይ ደርሶ፣ ጠይቆ፣ ተመልሶለታል። ይህ በዋጋ ዝርዝር ላይ የማይጻፍ ሀብት ነው።

ፓይ 5 እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ገደማ ወጣ፤ ከ4 ሁለት ሦስት እጥፍ ይፈጥናል፤ ማብሪያ ማጥፊያ ቁልፍም አለው። እውነትም እንደ ኮምፒውተር ይሠራል። ችግሩ ሒሳቡ ነው። ባለ 4 ጊጋው ሲወጣ 60 ዶላር ነበር፤ ሥራ ሲበዛበት ስለሚግል ማራገቢያ ይጨመርለታል፤ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውን አንስተውበታል። ቻርጀሩ ደግሞ 5 ቮልት 5 አምፔር ነው፤ እንዲህ ያለ ቻርጀር ገበያ ላይ ብርቅ ነው። «ባለ 65 ዋት የላፕቶፕ ቻርጀር አለኝ» ብላችሁ አትጽናኑ። ያ ቻርጀር 65 ዋት የሚሰጠው በ20 ቮልት ነው፤ በ5 ቮልት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 አምፔር አያልፍም። ቦርዱ በ3 አምፔርም ይነሳል፤ ግን ለዩኤስቢዎቹ ሁሉ በድምር 600 ሚሊአምፔር ብቻ ያካፍላል። ተጨማሪ ዲስክ ስትሰኩበት የሚንተፋተፈው ለዚህ ነው።

ፓይ 400 ደግሞ ፓይ 4ን ኪቦርድ ሆድ ውስጥ የከተቱበት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በ70 ዶላር ወጣ። ባለ 8 ጊጋው ወንድሙ ፓይ 500 በ2024 መጨረሻ በ90 ዶላር ተከተለ። ቴሌቪዥን ላለበት ቤት ለልጅ ስጦታ የሚሆን ነገር ከተፈለገ ከሁሉም እነዚህን አስቀድማለሁ። የተራቆተ ቦርድ ጠረጴዛ ላይ ሲጋለጥ ቡና የሚደፋበት ሰው ሁሌም አለ።

ፓይ 3 በነፃ ከሰጧችሁ ተቀበሉ። ገንዘብ አውጥታችሁ ግን አትግዙት።

ብርቱካኑና ሙዙ

ኦሬንጅ ፓይ፣ ባናና ፓይ፣ ራድዛ፣ የኮሪያው ኦድሮይድ፣ ሊብሬ ኮምፒውተር፤ ዝርዝሩ ረጅም ነው። ወረቀት ላይ ሲታዩ ብዙዎቹ ያስቀናሉ፦ በተመሳሳይ ዋጋ ራሙ ይበዛል፣ ፕሮሰሰሩ ይፈጥናል። እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2023 በዓለም ላይ ቺፕ ጠፍቶ ራዝቤሪው በብዙ እጥፍ ዋጋ ሲቸበቸብ ስንቱን ሰው ከችግር አውጥተዋል።

ልዩነቱ የሚታየው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ነገር እንቢ ሲላችሁ ነው። ራዝቤሪ ፓይ እስከ 2024 ድረስ ከ60 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ የእናንተን ስሕተት ቃል በቃል ብትፈልጉት መልስ ታገኛላችሁ። ለሌሎቹ አብዛኛውን ጊዜ የምትደገፉት አርምቢያን በሚባለው፣ በጎ ፈቃደኞች በሚያቆሙት ሊኑክስ ላይ ነው። ሥራቸው የሚመሰገን ነው፤ ግን ሁሉንም ቦርድ እኩል አይደግፉም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አርምቢያን ገጽ ላይ የቦርዱን ስም ፈልጉና በምን ደረጃ እንደሚደገፍ እዩ። ሌላው ወጥመድ እግሮቹ ናቸው፤ የአንዳንዶቹ አቀማመጥ ከራዝቤሪው ጋር ቢመሳሰልም ከመማሪያ ቪዲዮ የቀዳችሁት ፕሮግራም ሌላ ቦርድ ላይ እንዳለ አይሠራም። አንድ ሊኑክስ የለመደ ጓደኛ ቅርባችሁ ካለ ኦሬንጅ ፓይ ዜሮ 3ን የመሰለ ቦርድ ጥሩ ገንዘብ ያተርፋል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ያተረፋችሁትን በእንቅልፍ ትከፍላላችሁ።

ቻርጀሩን ገልብጣችሁ አንብቡ

ወደ ልጁ ቻርጀር ልመለስ። ላዩ ላይ በትልቁ «33 ዋት» ይላል። ገልብጠን ደቃቋን ጽሑፍ ስናነብ 5 ቮልት ላይ 2 አምፔር ነው የሚሰጠው፤ 33 ዋት የሚሆነው ስልኩ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ሲጠይቀው ነው። ፓይ 4 ከፍ ያለ ቮልቴጅ ጠይቆ አያውቅም፤ 5 ቮልቱን ብቻ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ የምታነቡት አንዲት መስመር ናት፦ ከ5 ቮልቱ አጠገብ 3 አምፔር ተጽፏል ወይ? ካልተጻፈ መልሱት። ኬብሉም እንዲሁ። ቀጭንና ረጅም ከሆነ ቻርጀሩ 5 ቮልት ልኮ ቦርዱ ጋ ሲደርስ መንገድ ላይ ይቀንሳል። ዋናው የራዝቤሪ ቻርጀር ኬብሉ የማይነቀለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ዕቃው የሚመጣው በሰው ከሆነ ቻርጀሩን አብራችሁ አስልኩ፤ ኪሎው ኪሎ አይደለም። ከአሜሪካም ከእንግሊዝም ቢመጣ ዋናው ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል በእኛ 220 አይቃጠልም። የሚለየው እግሩ ነው፦ የአሜሪካው ሁለት ጠፍጣፋ፣ የለንደኑም የዱባዩም ሦስት ባለ ማዕዘን። ማቀያየሪያው በየኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቁ አለ፤ ላላ ያለውን ግን አትቀበሉ፤ በተነካ ቁጥር ቦርዱን ያጠፋዋል።

መብራት ሲጠፋስ? ፓወር ባንክ ላይ መሰካት ጥሩ ሐሳብ ይመስላል፤ ብዙዎቹ ግን ኮረንቲው ሲቋረጥ ወደ ባትሪ ለመዞር ለቅጽበት ያቋርጣሉ፤ ቦርዱም እዚያው ይጠፋል። ከመግዛታችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ሞክሩት፦ ፓወር ባንኩን ሶኬት ላይ፣ ቦርዱን ፓወር ባንኩ ላይ ሰክታችሁ ከሶኬቱ ንቀሉት። ካልጠፋ ይሆናል። የዋይፋይ ራውተር የሚያቆዩት ትንንሽ ዩፒኤሶችም ይጠቅማሉ፤ የ5 ቮልት መውጫቸው ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ግን አሁንም ገልብጡና አንብቡ። 2 አምፔር ከሆነ ዜሮውን ይችላል፤ ፓይ 4 ላይ ሥራ ሲበዛ መብረቁ ተመልሶ ይመጣል።

ውሸታሙ ካርድ

ከሁሉ ያናደደኝ ይሄ ነው። አንድ ሱቅ 64 ጊጋ የተጻፈበት ሚሞሪ ካርድ ገዛሁ። ሲስተሙን ጻፍኩበት፤ መጻፊያው ፕሮግራም ራሱ መልሶ አንብቦ «ትክክል ነው» አለኝ። ቦርዱም ተነሳ። ሁለት ሳምንት ሠራሁበት። ከዚያ አንድ ቀን ፋይሎቹ ስማቸው እየታየ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ካርዱ እውነተኛ ይዞታው 8 ጊጋ ብቻ ነበር፤ 64 ነኝ ብሎ እንዲዋሽ ተደርጎ የተሠራ። መጻፊያው ፕሮግራም ያልያዘው የሚያረጋግጠው የጻፈውን ብቻ ስለሆነ ነው፤ ሲስተሙ ደግሞ 8 ጊጋ አይሞላም። ውሸቱ የሚወጣው ስምንተኛው ጊጋ ሲያልፍ ነው።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ካርድ ስገዛ መጀመሪያ ጥግ እስከ ጥግ ሞልቼ እሞክረዋለሁ። ለሊኑክስና ለማክ ኤፍ3፣ ለዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ሰዓታት ይፈጃል፤ ማታ አስጀምሮ መተኛት ነው። ሱቁ እንዲመልስላችሁ ከገዛችሁ በማግስቱ አድርጉት።

መጠኑን በተመለከተ 32 ጊጋ ለመማር ይተርፋል። ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ውክፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ለትምህርት ቤት ለማቅረብ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ የእንግሊዝኛው ከነሥዕሎቹ ከ100 ጊጋ በላይ ስለሆነ ቢያንስ 128 ይጠይቃል። ካርዱ ላይ «ኤ1» የሚል ምልክት ካለው ለዚህ ሥራ ይሻላል። ከአንድ ትልቅ ካርድ ሁለት ትንንሽ ግዙ፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይሠራል፤ መበላሸቱ ደግሞ አይቀርም። እየጻፈ ሳለ መብራት የጠፋበት ካርድ አንዳንዴ አይነሳም። አንዴ አስተካክላችሁ የማትነኩት ሥራ ከሆነ የራዝቤሪው ማስተካከያ ውስጥ ኦቨርሌይ የሚባል ምርጫ አለ፤ ካርዱን ለማንበብ ብቻ ያደርገዋል፣ መብራትም ቢጠፋ የሚበላሽ ነገር አይኖርም። ለብዙ ሥራ ግን ፓይ 4ም 5ም በዩኤስቢ ከተሰካ ኤስኤስዲ ከሚባል ፈጣን ዲስክ መነሳት ይችላሉ፤ ያለ ጥርጥር የተሻለው እሱ ነው።

በስክሪን ወይስ ያለ ስክሪን?

ኬብሉ ላይ ሰው ሁሉ አንዴ ይሳሳታል። ፓይ 3 የቴሌቪዥኑን ዓይነት ሙሉ ኤችዲኤምአይ ነው፤ ዜሮው ሚኒ፤ 4ና 5 ማይክሮ። ሚኒና ማይክሮ በዓይን ይመሳሰላሉ፤ አንዱ ሌላው ውስጥ አይገባም። ቦርዱን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ። ፓይ 4 ላይ ሁለት መሰኪያ ስላለ ከቻርጀሩ የሚቀርበው ላይ ሰኩ። ብዙ መሥሪያ ቤት ያለው አሮጌ ሞኒተር ደግሞ ሰማያዊዋ ቪጂኤ ብቻ ነው ያለችው፤ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ዕቃ ይፈልጋል።

ያለ ስክሪንም ይቻላል። ካርዱ ሲጻፍ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል አስገብታችሁ ኤስኤስኤች የሚለውን ካበራችሁት፣ ከላፕቶፓችሁ ሆናችሁ ትዕዛዝ እየጻፋችሁ ትሠሩበታላችሁ። ስክሪን መግዛት ያስቀራል፤ ባለሙያዎቹም የሚወዱት ይሄንን ነው። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ስክሪን ተዋሱ እላለሁ። አንድ ፊደል የይለፍ ቃሉ ላይ ከሳታችሁ ቦርዱ ዝም ይላል፤ ለምን ዝም እንዳለ የሚነግራችሁ ነገር የለም። ስክሪን ካለ ይነግራችኋል።

ያገለገለ ፓይ 4 ወይም 5 ስትገዙም ስክሪን ይጠቅማል። ካርድ ሳታስገቡ ስክሪንና ቻርጀር ብቻ ሰኩ፤ ደህና ከሆነ «ካርድ አጣሁ» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ያወጣል። ፓይ 3ና ዜሮው ግን ያለ ካርድ ምንም አያሳዩም፤ በዚህ አትፍረዱባቸው።

ሲስተሙን መጫን

ራዝቤሪ ፓይ ኢሜጀር የሚባለውን ፕሮግራም ላፕቶፕ ላይ ጫኑ፤ የቦርዱን ዓይነት፣ ሲስተሙን፣ ካርዱን ያስመርጣችኋል። ምርጫው ሦስት ነው። ከነዴስክቶፑ የሆነው ከአንድ ጊጋ ትንሽ የሚበልጥ ማውረድ ነው፤ ለጀማሪ እሱ ነው። ሁሉም ፕሮግራም የታጨቀበት ሙሉው ከ2 ጊጋ ያልፋል፤ ፓኬጃችሁን አታባክኑበት፣ የጎደለው በኋላ ይጨመራል። ላይት የሚባለው ግማሽ ጊጋ ገደማ ሆኖ መስኮትና ማውስ የለውም፤ ያለ ስክሪን ለሚቀመጥ ነው። ኢንተርኔት ደህና የሆነበት ቦታ አውርዳችሁ በፍላሽ ቤት ብትወስዱት ኢሜጀሩ ከፋይል ይቀበላል።

የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል እናንተው ናችሁ የምታወጡት። አሮጌ ቪዲዮዎች «ስሙ ፓይ፣ የይለፍ ቃሉ ራዝቤሪ» ይሏችኋል፤ ያ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ቀርቷል። የዋይፋይ አገር ካልመረጣችሁ ዋይፋዩ ተዘግቶ ይቆያል፤ ኢትዮጵያ በሉት። ኪቦርዱ ካልነካችሁት የእንግሊዝ ነው፤ የአሜሪካ ኪቦርድ ይዛችሁ የኢሜይሏን «አት» ስትጫኑ የጥቅስ ምልክት ይወጣል፣ የጥቅሱን ስትጫኑ «አት» ይወጣል። የይለፍ ቃሉ ውስጥ ይህች ምልክት ካለች ትክክሉን እየጻፋችሁ «ተሳስተሃል» ሲላችሁ ይውላል። የአሜሪካ ኪቦርድ የሚለውን ምረጡ።

የአማርኛ ገጽ ስትከፍቱ በፊደል ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ከተደረደሩ ፎንት ስለሌለ ነው። ከፕሮግራም መጨመሪያው አቢሲኒካን ወይም የኖቶን ፎንቶች ጫኑ፤ ወዲያው ይስተካከላል። ለመጻፍ አይባስና ኤም17ኤን የሚባሉትን አንድ ላይ ጭናችሁ አማርኛን ምረጡ፤ እንደ ስልካችሁ የቃሉን ድምፅ በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፋችሁ ትቀጥላላችሁ።

ሰዓቱ

አንድ ነገር ቀረኝ። ፓይ 4ና ከሱ በፊት የነበሩት ሲጠፉ ሰዓት የሚይዙበት ባትሪ የላቸውም። ሲነሱ መጨረሻ ካስቀመጡት ሰዓት ይቀጥላሉ፤ ኢንተርኔት ሲያገኙ ብቻ ነው የሚያስተካክሉት። ሰዓቱ ሲዛባ ድረ ገጾች «አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም፤ ሰው ኢንተርኔቱን ይራገማል። ፓይ 5 ሰዓቱ አለው፤ ባትሪዋን ግን ለብቻ ገዝታችሁ ነው የምትሰኩለት። ለፓይ 4 ዲኤስ3231 የምትባል ትንሽ የሰዓት ዕቃ እግሮቹ ላይ ትሰካለች፤ ዋጋዋ ትንሽ ነው።

የእህቴ ልጅ ይህን የተማረው በራሱ መንገድ ነው። መብራት መቼ እንደጠፋና መቼ እንደመጣ የሚመዘግብ ፕሮግራም ጻፈ፤ ቦርዱ በየደቂቃው ሰዓቱን ይጽፋል፣ ሲነሳ የጎደለውን ያሰላል። በመጀመሪያው ሳምንት ሰፈሩ ሁሉ ሦስት ሰዓት ጨለማ ውስጥ ከርሞ መዝገቡ ላይ ግን የጠፋው አንድ ደቂቃ ነበር። ኢንተርኔቱ አብሮ ስለጠፋ ቦርዱ እንዳንቀላፋ ሰው ካቆመበት ነው የቀጠለው። የሰዓቷን ዕቃ ከሰካለት በኋላ መዝገቡ ተስተካከለ፤ ማክሰኞ 17:20 ላይ ጠፍቶ 20:05 ላይ መጣ ይላል። ይላል ሳይሆን ይል ነበር። እናቱ አይታ «አሥራ ሰባት ሰዓት ደግሞ ምን ማለት ነው?» ስትለው ስድስት እየቀነሰ በእኛ አቆጣጠር እንዲጽፍ አድርጎታል።